የጎርጎራውን «የቤተሰብ ቅናሽ» ጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት

የጎንደር ወላጆች፣ እባካችሁ ይቺን ልብ በሉልኝ። የጥምቀት እንግዳ ተሸኝቶ ልጆች የአጋማሽ ዓመት እረፍት ሲወጡ ቴሌግራሙ በጉዞ ማስታወቂያ ይሞላል። «ጎርጎራ ደርሶ መልስ፣ ምሳና ጀልባን ጨምሮ፣ ለቤተሰብ ልዩ ቅናሽ!» ልጆቹን ጣናን ማሳየት የማይፈልግ የለም፤ ጎርጎራም ከኛ 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሰው ዋጋውን ሲያይ ሳያመነታ በቴሌብር ይልካል።

እኛን የገጠመን ይሄ ነው። ትልቅ አውቶቡስ ተብሎ የመጣው ያረጀ ቅጥቅጥ ነው። አዘዞ ላይ ትርፍ ሰው ጫነና ግማሽ ዋጋ የተከፈለላቸው ልጆች ጭን ላይ ይቀመጡ ተባለ። ጎርጎራ ስንደርስ ደግሞ ጀልባው ሌላ ሂሳብ ሆነ፤ በልጅ ልክ ላይፍ ጃኬትም የለም።

ዋናው ጉድ ግን መመለሻው ነው። ሹፌሩ አመሻሹ ላይ «እኔ የተከፈለኝ የመሄጃ ብቻ ነው» አለ። አዘጋጁ ስልክ አያነሳም። ፀሐይ እየጠለቀች፣ ልጅ ታቅፎ፣ በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና ከየት ይመጣል? የተጠየቅነውን ከፍለን ተመለስን። ጠዋት የቀነሱልንን ማታ ጨምረው ወሰዱት።

ስለዚህ ሙሉውን ብር አስቀድማችሁ አትላኩ። ቀብድም ቢሆን በደረሰኝ ይሁን፤ ደርሶ መልስ መሆኑ፣ የመኪናው ዓይነት፣ ልጅ የራሱ ወንበር እንዳለው፣ ጀልባው እንደተካተተ ይጻፍበት። መንገድ ቢዘጋ ብሩ ይመለስ እንደሆነም ጠይቁ፣ በዚህ ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ ጠዋት ከመሳፈራችሁ በፊት ሹፌሩን ራሱን «የመመለሻው ተከፍሎሃል ወይ?» በሉት፣ መልሱን ሌሎቹም ተሳፋሪዎች ይስሙ። (አንዳንዱ አስጎብኚ ልጆቹ ዳር ላይ ይዋኙ ይላል። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት፣ እንዳታስገቧቸው።)

የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ 813/2006፣ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። እኛ ጥቂት ቤተሰቦች ሆነን ለከተማው ንግድ መምሪያ አቤቱታ ልናስገባ ነው። እንዲህ የተደረጋችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውንና የቴሌብር መልዕክቱን እንዳታጠፉት፤ በውስጥ መስመር አናግሩኝና አብረን እንግባ።