ቁጥር ስቀንስ ከወረፋ የሚያስወጣኝ ፕላትፎርም

ይህን የአክሲዮን መገበያያ ፕላትፎርም መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ቻርቱ ጥሩ ነው፣ አይንቀራፈፍም፣ ገንዘብ ሳወጣም አስቸግሮኝ አያውቅም። እሱን በዚህ ልለፈው። ማውራት የምፈልገው በከፊል ብቻ ስለተሞላ ሊሚት ኦርደር ነው፤ ማለትም ከወሰንኩት ዋጋ በላይ እንዳይገዛ ወይም በታች እንዳይሸጥ ስለማስገባው ትእዛዝ። በየወሩ የምከፍለው ኢሲኤን ወደሚባሉት ኤሌክትሮኒክ የመገበያያ ኔትወርኮች ኦርደሬን በቀጥታ ለመላክ ነው። ስለዚህ ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

1,000 አክሲዮን በ20 ዶላር ልግዛ ብዬ ሊሚት ኦርደር አስገባሁ እንበል። አንድ ሻጭ 300 ይዞ ይመጣል። 300ው ወዲያው ይገዛልኛል፣ 700ው ኦርደር ቡኩ ላይ፣ ማለትም ያልተሞሉ ኦርደሮች ተራ በሚጠብቁበት ዝርዝር ላይ፣ ይቆያል። ኔትወርኩ መጀመሪያ የሚያየው የተሻለ ዋጋ ያቀረበውን ነው። ዋጋ እኩል ከሆነ ቀድሞ የገባው ይቀድማል። ቀሪው 700 የተወሰነው ስለተሞላ ብቻ ቦታውን አያጣም፤ የመጀመሪያው ሰዓቱ እንደተያዘ ነው። ዋጋው 20ን ለአፍታ ነክቶ ሲመለስ ደግሞ የሚሞላለት ከፊት ያለው ብቻ ነው። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ከዚህ ቦታ የበለጠ ነገር የለኝም።

አሁን 700ውን ወደ 400 ዝቅ ላድርግ። ዋጋ አልነካሁም፣ ቁጥር አልጨመርኩም። ይህ ወረፋ ሊያስቀማኝ አይገባም። ለምሳሌ የናስዳቅ ገበያ፣ ኦርደር በሚቀበልበት ኦውች በሚባለው ፕሮቶኮሉ፣ ቁጥር ብቻ የሚቀንስ የስረዛ መልእክት ይቀበላል። የተረፈው አክሲዮን የጊዜ ቅድሚያውን ይዞ ይቀጥላል። ኦርደሩን በሌላ የሚተካ መልእክት ከተላከ ግን እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ ከኋላ ይሰለፋል። የእኔ ፕላትፎርም «አስተካክል» የሚለውን ስጫን ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህን ሁለተኛውን ነው። የኦርደር ታሪኩ ላይ ግልጽ ነው፦ አሮጌው ተሰርዟል ይላል፣ አዲሱ አዲስ ቁጥርና አዲስ ሰዓት ይዞ ይመጣል። ከዚያ በ20 ዶላር ግብይቱ ሲጎርፍ እያየሁ የእኔ 400 ሳይነካ ዋጋው ተነስቶ ይሄዳል። ያናድዳል፣ በጣም ያናድዳል።

ፕላትፎርሙን የሚሸጡት ሰዎች «ስማርት ራውተር አለን እኮ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ራውተሩ ቀሪውን አንስቶ ሌላ ገበያ ላይ ሻጭ ይፈልጋል። ለተቻኮለ ሰው ጥሩ ነው። ቀሪው በሄደበት ሁሉ ግን ከኋላ ነው የሚሰለፈው። «ከፊል መሞላት ካልፈለግክ ፊል ኦር ኪል ተጠቀም» ይሉኝም ይሆናል። እሱ ሙሉውን ወዲያው ካላገኘ ይሰረዛል። ኢሚዲየት ኦር ካንስል ደግሞ ያገኘውን ወስዶ ቀሪውን ይጥላል። ሁለቱም መጠበቅ ለማይፈልግ ሰው ናቸው። እኔ የምከፍለው ተሰልፌ ለመጠበቅ ነው! በዚያ ላይ ብዙ ኔትወርኮች ቡክ ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ኦርደር ትንሽ ተመላሽ ይሰጣሉ፣ መጥቶ የሚያነሳውን ያስከፍላሉ። ራውተሩ ቀሪዬን ወስዶ የሌላ ሰው ኦርደር ላይ ሲያሳርፈው እኔ ከፋይ እሆናለሁ።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ስገበያይ፣ ያልተሞላው ቀሪ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እንደሚሰረዝ ኦርደሩን ከመላኬ በፊት ያስጠነቅቀኛል። ያንን ያሰበ ሰው ቁጥር መቀነስን እንዴት እንደረሳው አይገባኝም።

ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍኩላቸው። «ማስተካከያው በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል» አሉኝ። ክፍያዬን አላድስም። ቁጥር ብቻ የሚቀንስ በተን ቢጨምሩ በማግስቱ እመለሳለሁ፣ ሌላው ነገራቸው ይመቸኛልና።

እናንተ ተመሳሳይ ፕላትፎርም ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ዓመታዊውን ከመክፈላችሁ በፊት ከገበያው ዋጋ ራቅ ያለ ትንሽ የመግዣ ሊሚት ኦርደር አስገቡ። ቁጥሩን ቀንሱና ታሪኩን ክፈቱ። የኦርደሩ ቁጥርና ሰዓት ከተቀየረ ወረፋችሁ ሄዷል ማለት ነው።