ደብረ ብርሃን ላይ «ሙሉ አፕግሬድ» ሊሸጡላችሁ ሲሉ ገንዘባችሁን ያዙ

ኮምፒውተር ላይ ጌም የምትጫወቱ፣ በተለይ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሻጩ ውስጡን በደንብ ሳያይ «ግራፊክስ ካርድ ነው የጎደለው፣ ካስገባህበት ይበራል» ይላል። ብሩን ቀድሞ ይቀበላል። ካርዱን (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) ይሰካና ዊንዶውስ ሲከፈት አሳይቶ ይሸኛችኋል። ጌም ከፍቶ ግን አያሳይም።

የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ማሽኑ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። አዲሱን ካርድ ይዞ ቤት ገባ። ጂቲኤ 5 የሚባለውን ጌም ሲከፍት ከተማው መሃል ላይ እንደ ድሮው ይቆራረጣል። ተመልሶ ሲጠይቅ «ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው፣ ከነማዘርቦርዱ ቀይረው» ተባለ። ሌላ ክፍያ ማለት ነው። ታዲያ ፕሮሰሰሩ ከነበረ መጀመሪያ ካርዱ ለምን ተሸጠ? ልጁ ያን ብር ያጠራቀመው ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየሠራ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ማሽኑን አብረን አየነው። የሚያንቀው ነገር የት እንዳለ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ጌሙ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ቪሲንክን (የምስሉን ፍጥነት በሞኒተሩ ፍጥነት የሚገድበውን) አጥፉ። ከዚያ የምስሉን ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርዱና ፍሬሙን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ተመልከቱ። በጣም ከጨመረ ካርዱ ነው የደከመው። ምንም ካልተለወጠ ግን ካርዱ ሥራ ፈት ሆኖ ሌላውን እየጠበቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩን። የጣርማ በርን ዳገት የወጣ ሰው ይገባዋል፦ ከፊት የተጫነ ሲኖትራክ ካለ የናንተ መኪና ሞተር አዲስ ቢሆን ለውጥ የለውም። እኛ ስንሞክረው ፍሬሙ ንቅንቅ አላለም።

ይህንኑ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይም ታዩታላችሁ። ጌሙ ክፍት ሆኖ ካርዱ 95 በመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ከሆነ ገንዘባችሁ ሥራ ላይ ነው። ግማሹን ብቻ እየሠራ ፍሬሙ ከወረደ ማነቆው ሌላ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፕሮሰሰሩ በድምሩ 40 ወይም 50 በመቶ ስላሳየ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር ላይ አንዱ ኮር ብቻውን ሙሉ በሙሉ ሲያዝ በድምሩ የሚታየው 25 በመቶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ልጁ ማሽን ላይ አራቱም ኮሮች ሞልተው ነበር። አራተኛ ትውልድ አይ5 በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ጂቲኤ 5 ደግሞ ፕሮሰሰር ላይ የሚበረታ ጌም ነው። ግን መፍትሔው ማዘርቦርድ መቀየር አልነበረም። ኮር አይ7 4770 የሚባለው የተሻለ ፕሮሰሰር እዚያው ሶኬት ላይ ይገባል፤ ማዘርቦርዱ እንደሚቀበለው ማረጋገጥ ብቻ ነው። ራሙም አንድ ብቻ ስለነበር በአንድ መስመር ነው የሚሠራው። ተመሳሳዩን ሁለተኛ ራም ማስገባት ሁለቱን መስመር ይከፍታል፤ በተለይ ፕሮሰሰር በሚያንቅባቸው ጌሞች ላይ ልዩነቱ ይታያል። ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ (በፈጣኑ ዲስክ) ቢተካ ፍሬም አይጨምርም፤ ጌሙ አዲስ ሰፈር ሲጭን ቀጥ የሚለውን ግን ያቀልለታል። ይህን ሁሉ ሻጩ ሊነግረው ይችል ነበር። ሳይለካ ሸጠለት።

ካርዱ ራሱ ሐሰተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ይሄ የባሰ ነው። «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ በ2010 እና በ2011 እ.ኤ.አ. የወጡት አሮጌ ካርዶች፣ ጂቲኤስ 450 እና ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ናቸው። ባዮሳቸው (ካርዱ ውስጥ ያለው መለያ ፕሮግራም) ተቀይሮ ዊንዶውስ ላይ በአዲሱ ስም ይነበባሉ። ከኋላው ቪጂኤ (የድሮው የሞኒተር) መሰኪያ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ የ1050 ቲአይ ቺፕ በራሱ የቪጂኤ ምስል አያወጣም። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት እትሞቹ እንዲህ ዓይነቱን ካርድ ሲያገኙ ስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋሉ። ትክክለኛው 1050 ቲአይ 768 ኩዳ ኮር (የካርዱ ማስሊያ ክፍል) ነው ያለው፤ እሱንም አመሳክሩ።

እዚያው ጂፒዩ-ዚ ላይ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር በስንት ሌን (የመረጃ መተላለፊያ መስመር) እንደተገናኘ ይታያል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚባለው ካርድ ለምሳሌ 4 ሌን ብቻ ነው ያለው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ (የካርዱ መሰኪያ) 4.0 ያለው ማዘርቦርድ ላይ ይሄዳል። የቆየ 3.0 ላይ ሲሰካ ግን መተላለፊያው በግማሽ ይጠባል፤ 4 ጊጋ ሜሞሪው በሚሞላበት ጌም ላይ በግልጽ ይቆራረጣል። ለአሮጌ ማሽን «አዲስ ካርድ ነው» ብለው ሲያቀርቡላችሁ ይህን አስታውሱ።

ፓወር ሰፕላዩን (ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል) በሚመለከት ልመናዬ ጠንከር ያለ ነው። የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ለካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድ የላቸውም። አንዳንድ ሻጭ ለሃርድ ዲስክ ኃይል የሚወስደውን የሳታ ገመድ በአስማሚ ይቀጥልና ይገላገላል። ባለ 6 ፒኑ እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። የሳታው መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው። ገመዱ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ ተደርጎላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ንቀሉት።

ማሽኑን ወደ ቆላው የምትወስዱት ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሱቅ ውስጥ ደህና የሄደ ማሽን ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ሊንቀራፈፍ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራውን ማጽዳትና ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የሙቀት ፓስታ መቀየር ከአዲስ ዕቃ በጣም ይረክሳል። የሞኒተሩ ገመድም ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱን እዩ። በዚህ ብቻ አዲሱ ካርድ ሳይሠራ የሚቀመጥበት ቤት አለ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ለሸማቹ ሰጥቷል። ስለዚህ ስትጠይቁ አትፈሩ። የራሳችሁን ጌም በኤክስተርናል ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ተሰክቶ፣ ጌሙ ተከፍቶ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይሂድ። ከዚያ በኋላ ነው ብር። ደረሰኙ ላይ የካርዱ ሙሉ ስምና የሜሞሪው መጠን ይጻፍ፤ «ግራፊክስ ካርድ» ተብሎ ብቻ አይታለፍ። «ሙከራ የለም፣ መመለስ የለም» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ማሽናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቢጠይቅም እንኳ።