ለውድድር ሽጉጥ የሚበረክት ረጅም ካዝና፦ የትኛው ይሻላል?

በአሜሪካ የተግባራዊ ተኩስ ውድድር የጀመረ ሰው ሽጉጡን ከገዛ በኋላ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ “ስንት ጥይት የሚይዝ ካዝና ልግዛ?” የሚል ነው። ውድድሩን የሚመራው ዩኤስፒኤስኤ ግን ኬሪ ኦፕቲክስ (ባለ ኦፕቲክ ማነጣጠሪያ ሽጉጥ) እና ሊሚትድ (ያለ ኦፕቲክ ማነጣጠሪያ) በሚባሉት ምድቦች የሚለካው የካዝናውን ርዝመት ነው፤ ባለ ድርብ ረድፍ ካዝና የታችኛው ክዳኑ ተጨምሮ ከ141.25 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ሽጉጥን ማሻሻል በሰፊው በሚፈቀድበት በኦፕን ምድብ ደግሞ ወሰኑ 171.25 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጮች “ባለ 140” እና “ባለ 170” የሚሏቸው እነዚህኑ ነው። በኬሪ ኦፕቲክስ ተመዝግቦ ከወሰኑ ያለፈ ካዝና ይዞ የተገኘ ተወዳዳሪ ወደ ኦፕን ይዛወራል፤ በዚያም እጅግ ውድ በሆኑ ሽጉጦች ከሚተኩሱ ሰዎች ጋር ይነጻጸራል።

ረጅም ካዝና የሚፈለግበት ምክንያት በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ረጅም መድረክ፣ ማለትም ተወዳዳሪው በሰዓት እየተለካ የሚተኩስበት የዒላማዎች ስፍራ፣ ቢበዛ 32 ጥይት ይጠይቃል። ባለ 17 ካዝና ሁለት ጊዜ ቢሞላ 34 ስለሚሆን ለስሕተት የሚተርፈው ጥቂት ነው፣ ካዝና የሚቀየርበትንም ቦታ የሚወስነው የጥይቱ ማለቅ ይሆናል። ባለ 23 የያዘ ሰው ግን የሚቀይርበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። ይሁንና በመድረክ መካከል አንድ ጥይት ሳይጎርስ ቢቀር የሚባክነው ጊዜ በእነዚያ ስድስት ትርፍ ጥይቶች ከተገኘው ጥቅም ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ ንጽጽር ብርታትን ከብዛት አስቀድሜአለሁ።

ካዝና ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው፦ ጥይቱን አቅፎ በሚይዘው በላይኛው ከንፈሩ፣ በውስጡ ባለው ሞላ፣ እንዲሁም ጠጠርና ኮንክሪት ላይ ሲወድቅ ቀድሞ በሚመታው የታች ክዳን። ሞላ የፍጆታ ዕቃ ነው፤ ከንፈር ከተጣመመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካዝናው ራሱ አለቀ ማለት ነው።

ግሎክ 17 ወይም ግሎክ 34 በሚባሉት ሽጉጦች ለሚወዳደር ሰው ሦስት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው የግሎክ ፋብሪካ የሚሠራቸው ባለ 24 እና ባለ 33 ካዝናዎች ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ለባለ 140 ምድብ ይረዝማሉ፣ ባለ 33ቱ እንዲያውም ከኦፕን ወሰንም ያልፋል። ለልምምድ ካልሆነ በቀር ለውድድር ሲባል ባለ 33 መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው ማግፑል የሚሠራው ባለ 21 ካዝና ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ለ140 ሚሊ ሜትር ወሰን ታስቦ የተሠራ፣ ዋጋውም ከሁሉም የሚቀል ነው። አካሉ በሙሉ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ ሲወድቅም አይጎደጉድም። ልዩነቱ የሚታየው ከግሎክ ካዝና ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው፤ የግሎክ ፕላስቲክ ውስጡ በብረት የተለበደ በመሆኑ፣ ከንፈሩም ሆነ ጎኑ ጥይት ሲሞላበት ቅርጹን ጠብቆ ይቆያል። የግሎክ የቀድሞዎቹ ካዝናዎች ውስጣቸው በከፊል ብቻ በብረት የተለበዱ ስለነበሩ ሲሞሉ ጎናቸው ያብጥና በራሳቸው ክብደት ከሽጉጡ አይወድቁም ነበር፤ ፋብሪካው ብረቱን ሙሉ ያደረገውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ባለ ማግፑል ሰው ካዝናውን ሙሉ ጭኖ የመልቀቂያ ቁልፉን ሲጫን ወዲያው መውደቁን በራሱ ሽጉጥ ላይ ደጋግሞ ቢያረጋግጥ ይበጀዋል።

ሦስተኛው፣ እኔም የምመርጠው፣ ተራውን ባለ 17 የፋብሪካ ካዝና ገዝቶ የታች ክዳኑን በረጅም የአሉሚኒየም ክዳን መቀየርና ከእርሱ ጋር የሚሄድ ረዘም ያለ ሞላ ማስገባት ነው። በዚህ መንገድ በ140 ወሰን ውስጥ 22 ወይም 23 ጥይት ይገባል። ጥቅሙ ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ከንፈሩ የተበላሸ ካዝና ሲወገድ ውዱ ክዳን ወደ አዲሱ ይሻገራል፣ ሞላው ለብቻው ይቀየራል። ጉድለቱ መገጣጠሚያው ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ያልተቆለፈ ክዳን ካዝናው መሬት ሲነካ ተፈናጥሮ፣ ሞላውና ጥይቶቹ በመድረኩ ላይ ሲበታተኑብኝ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በተንሸራታች ብቻ የሚያዝ ክዳን አልገዛም፣ መቆለፊያ ብሎን ወይም ፒን ያለውን እፈልጋለሁ። የነሐስ ክዳን ክብደቱ ካዝናውን ቶሎ ስለሚያወርደው ይወደዳል፤ ግን ኬሪ ኦፕቲክስ የሽጉጡን ክብደት ከባዶ ካዝናው ጋር በ59 አውንስ ስለሚወስን ከባድ ሽጉጥ ያለው ሰው አስቀድሞ ይመዝን።

2011 በሚባለው የሽጉጥ ዓይነት ጉዳዩ ይለያል። በአገር ቤት ካዝና ሲባል የገንዘብ ማስቀመጫም ነው፤ የዚህኛው ሽጉጥ ካዝና ዋጋ ሁለቱን ትርጉሞች ያቀራርባቸዋል፤ ጥሩ የሚባለው አንዱ ብቻውን ከ100 ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። እስከ 2020 ኤስቲአይ ይባል የነበረው ስታካቶ የሚሠራው ባለ 140 ካዝና 20 ጥይት ሲይዝ፣ ኤምቢኤክስ ከማይዝግ ብረት የሚሠራው በዚያው ርዝመት 23 ይይዛል። ሁለቱም አካላቸው ብረት ነው፤ ብረት ግን ከንፈሩ ሲመታ እንደ ፕላስቲክ አይመለስም፣ ጥቂት ከተከፈተ ጥይቱ ከፍ ብሎ ይወጣና ይነክሳል። በዚህ ምክንያት ባለ 2011ዎች ካሊፐር (ረቂቅ የስፋት መለኪያ) ይይዛሉ፤ አዲስ ካዝና ሲገዙ የከንፈሩን ስፋት ለክተው ይጽፋሉ፣ ከወደቀ በኋላም ያመሳክራሉ። ዋጋው የሚከፈለው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን አምራቹ ከንፈሩን አስተካክሎ ለማስረከቡም ነው፤ ርካሹን ገዝቶ ለማስተካከያ ባለሙያ መክፈል ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

በሲዜድ ሻዶው 2 የሚወዳደር ሰው ከሁሉም ዕድለኛ ነው። ከ1965 ጀምሮ በጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ካዝና የሚሠራው ሜክ ጋር ለዚህ ሽጉጥ ቤተሰብ የሚያቀርበው ባለ 19 የብረት ካዝና ዋጋው መካከለኛ፣ ብርታቱም የታወቀ ነው፤ ረጅም ክዳን ሲጨመርበት ከሌሎቹ ጋር ይስተካከላል።

ከመግዛት በፊት የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ ማየት ያስፈልጋል፤ ውድድሩ ከሕጉ ነጻ አያደርግም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ሜሪላንድ ከጥቅምት 1 ቀን 2013 ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ ተከልክሏል፤ በዋሽንግተን ግዛትም ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ወዲህ ሽያጩ በ10 ተወስኗል፤ በኮሎራዶ ወሰኑ ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ 15 ነው፤ በካሊፎርኒያም 10 ነው። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አቅም የሚጨምር ክዳን መግጠምም በሕግ ዓይን ክልክል ካዝና እንደ መሥራት ሊቆጠር ስለሚችል፣ በእነዚህ ግዛቶች ያለ ሰው በፋብሪካው ባለ 10 ካዝና ላይ ገንዘቡን ቢያውል ይሻለዋል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ አራት ለውድድር፣ ሁለት ለልምምድ ብቻ የተለዩ ካዝናዎች ለጀማሪ ይበቃሉ። በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ቁጥር ይጻፍበት፤ ጥይት ሳያጎርስ የቀረው የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ የደገመው ወደ ልምምዱ ቦርሳ ይወርዳል፣ ሞላው ተቀይሮለት እዚያም ከደገመ ከንፈሩ በመዶሻ ተጨፍልቆ ይጣላል፤ ካልተጨፈለቀ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በችኮላ ተመልሶ ቀበቶ ላይ መገኘቱ አይቀርምና።