ባለ 8 ኢንቹ ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ በጎጃም ሰማይ፦ ለሞላላ ጋላክሲዎች ይበቃል?

ይበቃል፤ ካርቶኑ ላይ በተለጠፈው ባለቀለም ፎቶ ተማርኮ ለሚገዛ ግን አይሆንም። ዶብሶኒያን ብርሃን በመስታወት የሚሰበስብ፣ መሬት ላይ በሚቀመጥ ቀላል መቀመጫ ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ነው። የመስታወቱ ስፋት 200 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አብረውት የሚመጡት ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንሶች 48 እና 120 ጊዜ ያጎላሉ። ሞተር የለውም፤ በእጅ እየተገፋ ሰማዩን ይከተላል።

ሞላላ ጋላክሲ ጠመዝማዛ ክንድ የለውም፤ አዲስ ኮከብ የሚወለድበት ጋዝም እምብዛም አይገኝበትም። ያረጁ፣ ቢጫና ቀላ ያሉ ከዋክብት ክምችት ስለሆነ መሃሉ ይደምቃል፣ ወደ ዳር እየሳሳ ይጠፋል። መሃሉን ትንሽም ቴሌስኮፕ ያሳያል። የመሣሪያው ሙያ የሚታወቀው በሳሳው ዳር ነው። ከደብረ ማርቆስ የመንገድ መብራት ሥር፣ በሰንቡላ የኮከብ ስብስብ ያለው ሞላላ ጋላክሲ ኤም 87 ጭጋግ የለበሰ ኮከብ ይመስላል። ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ ብሎ፣ ወይም መብራት በጠፋበት ማታ (እንዲህም ይጠቅማል)፣ ዓይንን ግማሽ ሰዓት ከጨለማ ጋር አላምዶ በቀጥታ ሳይሆን በዓይን ጥግ ሲያዩት ግን ዳሩ እየሰፋ ይመጣል። በመሃል ስልክ የከፈተ ሰው እንደገና ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል።

ለቅርጽ ማነጻጸሪያ ሌሎቹ ሁለት ሞላላ ጋላክሲዎች፣ ኤም 60 እና ኤም 59፣ ይሻላሉ። በባለ 25 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ሁለቱም በአንድ እይታ ይገባሉ። የሞላላነት መለኪያው ከኢ0 (ክብ) እስከ ኢ7 (በጣም የረዘመ) ይሄዳል፤ ኤም 60 ክብ ሊባል ጥቂት የቀረው ኢ2 ነው፤ ኤም 59 ኢ5 ስለሆነ ወርዱ የርዝመቱን ግማሽ ያህል ነው። መነሻው ቪንዴሚያትሪክስ የተባለችው የሰንቡላ ኮከብ ናት፤ ከእሷ ወደ ምዕራብ 4 ዲግሪ ተኩል ሲሄዱ ኤም 60 ይገኛል፣ ከዚያ 3 ዲግሪ ያህል አልፎ ትንሽ ወደ ሰሜን ኤም 87። ከኤም 87 መሃል የሚወጣውንና ሄበር ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1918 የመዘገበውን ጨረር በዚህ መስታወት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

የውጭ ግምገማዎች የማያነሱት አንድ ችግር አለ። ኤም 87 በጎጃም የሚያልፈው ልክ አናት ላይ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ ከአናት የሚርቀው 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶብሶኒያን ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያነጣጥር ወደ ጎን ለመግፋት እምቢ ይላል፤ ቱቦው መያዣ ክንድ ስለማይሆን መቀመጫው ይንገጫገጭና ጋላክሲው ከእይታ ያመልጣል። በመጋቢት 22 ገደማ አናት ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ድረስ መጨረስ ነው። በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ዞሮ ሴንታውረስ ኤ የተባለውን ጋላክሲ ማየት ይቻላል። ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ በባዶ ዓይን ብዥ ብላ ከምትታየው የከዋክብት ክምችት ኦሜጋ ሴንታውሪ ወደ ሰሜን 4 ዲግሪ ተኩል ነው። መሃሉን የሚቆርጠው ጥቁር የአቧራ ቀበቶ በዚህ ቴሌስኮፕ ይታያል። ለአብዛኛው የአውሮፓ ተመልካች ይህ ጋላክሲ ከአድማስ በታች ወይም አድማሱ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ በአባይ በረሃ ተጭኖ የመጣ ቴሌስኮፕ መስታወቱ ከመስመር ወጥቶ ይደርሳል፤ ሳያስተካክሉ «ደካማ ነው» ማለት ስህተት ነው። የዓይን ሌንስ በሚገባበት ቀዳዳ፣ መሃሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የተበሳ ክዳን ይደረጋል። መጀመሪያ የትንሹን መስታወት ሦስት ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ የትልቁን መስታወት የመሃል ምልክት መሃል ማምጣት ነው። ከዚያ ከኋላ ያሉትን ሦስት መቆለፊያ ብሎኖች አላልቶ፣ በማስተካከያዎቹ የክዳኑን ቀዳዳ ነጸብራቅ ምልክቱ ውስጥ ማስገባት። መቆለፊያዎቹ ከመጠን በላይ ከጠበቁ መስታወቱ ተቆንጥጦ ከዋክብት ሦስት ማዕዘን ይመስላሉ። ርካሽ የሌዘር ማስተካከያ ደግሞ ራሱ ጠማማ ከሆነ ሰውን ያሳስታል። አቧራ አለ ብሎ መስታወቱን በጨርቅ መወልወል ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጭረቱ አይመለስም።

ቱቦውና መቀመጫው ተደምረው ከ20 ኪሎ ያልፋሉ። መቀመጫው ቺፑድ ነው፤ ጠርዙ ከተላጠና የሌሊት ጤዛ ከገባበት ያብጣል፣ ክረምቱን መሬት ላይ ማሳደር አይገባም። ተጨማሪ ገንዘብ ካለ 80 ጊዜ የሚያጎላ ባለ 15 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይገዛበት፤ ለእነዚህ ጋላክሲዎች ከባለ 10ሩ ይልቅ የሚሠራው እሱ ነው።