አሮጌው ኮምፒውተሬ፣ አዲሱ ኤስኤስዲ እና የአዳማ አቧራ፦ የዘጠኝ ወር ልምድ

ማብሪያውን ተጭኜ ልጄን እስከ ባጃጁ ሸኝቼ ስመለስ ያቺ ክብ ምልክት አሁንም ማያው ላይ ትዞራለች። መጋቢት 2017 በስልኬ ለካሁት፤ ተከፍቶ ለመጻፍ እስኪደርስ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀ። ኮምፒውተሩ ያገለገለ የገዛሁት ዴስክቶፕ ነው፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ)፣ 4 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። እኔ ፈተና አወጣበታለሁ፣ ባለቤቴ የሱቋን ሂሳብ ትይዝበታለች፣ ልጆቹ ፊልም ያዩበታል።

መጀመሪያ ያሳየሁት ባለሙያ ሳይከፍተው «አዲስ ግዛ» አለኝ። ሁለተኛው ፎርማት አደረገው። ለሁለት ሳምንት ፈጠነና ወደ ቀድሞ ዝግመቱ ተመለሰ፤ የልጄ የክርስትና ፎቶዎች ግን አልተመለሱም። እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም ቅጂ አላስቀመጥኩም፤ ጥፋቱን እኩል ተካፍለናል።

በሽታው የተገለጠልኝ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ገጽ፣ ታስክ ማናጀርን፣ ከፍቼ ስመለከት ነው። ፕሮሰሰሩ 15 ከመቶ እንኳ አይሠራም፣ ዲስኩ ግን 100 ላይ ተሰቅሏል። ወጥ ሠሪዋ እጇን አጣምራ ሽንኩርት የሚያመጣላትን ልጅ ስትጠብቅ ማለት ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ እየተሽከረከረ ፋይሉን በመርፌ መሰል ክንድ ይፈልጋል። ፋይሉን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው አዲሱ ዓይነት ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ገዛሁና ዊንዶውስን እሱ ላይ ጫንኩ፤ አሮጌውን ዲስክ ለዕቃ ማስቀመጫ አስቀረሁት። ኤስኤስዲውን ማሰሪያ ስላላገኘሁለት በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፌዋለሁ፤ ስለማይንቀጠቀጥ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ራሙንም 8 አደረስኩት። የመጀመሪያ ቀን ኮምፒውተሩ ጮኸ እንጂ አልበራም፤ ራሙን አውጥቼ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠርጌ፣ ሁለቱም ጫፎች «ቀጭ» እስኪሉ ስጫነው ተነሣ። በ31 ሰከንድ ተከፈተ። ዛሬ በዘጠነኛው ወር 35 ሰከንድ ይፈጃል፣ ቅሬታ የለኝም።

አንድ ጊዜ ግን ተንቀራፎ ነበር። ልጆቹ ኤስኤስዲውን በፊልም ሞልተውት ቀይ መስመር አሳየ። 240 የተባለው ዊንዶውስ ላይ 223 ሆኖ ስለሚታይ ቦታው ከታሰበው በላይ ይጠባል። ፊልሞቹን ወደ አሮጌው ዲስክ አዛወርኩና አንድ አምስተኛውን ባዶ መተው ደንብ ሆነ።

ኅዳር ላይ ኮምፒውተሩ ሥራ መሀል ድርግም ማለት ጀመረ። አዳማ የሚኖር ሰው ይህን ወቅት ያውቀዋል። ከከተማው ወጣ ብለው የተተከሉት ተርባይኖች ከዚህ ነፋስ እስከ 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተሠርተዋል፤ እኔ ቤት የሚደርሰው ድርሻ አቧራ ነው። ገመዱን ነቅዬ በረንዳ ላይ ከፈትኩት። በፕሮሰሰሩ ማራገቢያና ከሥሩ ባሉት የብረት ክንፎች መካከል አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ጥጥ ባዘቶ ሆኗል፤ በጣቴ ስስበው ሳይቆረጥ ወጣ። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ የቀረውን በቀለም ብሩሽ አራገፍኩ። ከሥር ያለው፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ብረት ክንፎቹ የሚያሻግረው ቅባት እንደ ጠመኔ ደርቆ ነበር። በአልኮል ጠርጌ ከሽምብራ ያነሰ አዲስ ቅባት አደረግኩ። ሙቀቱ ከ88 ዲግሪ ወደ 61 ወረደ።

ከአቧራው ሌላ ተባባሪ ነበረው፦ የባለቤቴ ዳንቴል። ኬዙን ከላይ እስከ ጀርባ ስለሚሸፍን አየር መውጫው ታፍኗል። ድርድሩ ከጽዳቱ በላይ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ዳንቴሉ ማታ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይለብሳል፣ ሲበራ ይወልቃል፤ ኬዙም ከወለል ወደ ጠረጴዛ ወጥቷል። ጽዳቱ በየሁለት ወሩ ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ 2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይመለስና የባንኩ ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አላስገባ ይለኝ ነበር። ኢንተርኔቱን ስረግም ሰነበትኩ። ጉዳዩ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሆና መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው ሳንቲም መሰል ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ማለቋ ነበር። ቀየርኳት፣ ተረጋጋ።

ኤስኤስዲው ላይ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ይህኛው ያለ አንዳች ድምፅ ሊሄድ ይችላል። የጤና መለኪያው 98 ከመቶ ቢያሳይም ዓርብ ዓርብ ፈተናዎቼንና ፎቶዎችን ወደ ውጭ ዲስክ እገለብጣለሁ። ለመብራቱ መቆራረጥ ደግሞ ዩፒኤስ የሚባለውን ባለ ባትሪ የኃይል መጠባበቂያ ገዝቻለሁ፤ ስድስት ደቂቃ ይይዛል፣ አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል።

ፍጥነቱ የማያድነው አንድ ነገር ቀርቷል። እኔ የምጠቀምበት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም የደኅንነት ማሻሻያው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው፤ የእኔ አራተኛ ነው። በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ በፍላሽ አስነሥቼ ሞከርኩት፤ እንደ ልብ ይሠራል፤ በድሮ የግዕዝ ፎንት የጻፍኳቸው ፈተናዎች ግን ፊደላቸው ተመሳቅሎ ታየ። በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ እንደገና እየጻፍኳቸው ነው። የሁለት ሴሚስተር ፈተናዎችን ጨርሻለሁ፣ የአምስት ይቀረኛል፤ እስከዚያ ለደኅንነቱ ስል የባንኩ ሥራ በስልኬ ሆኗል።