«ጦቢያ»ን ላስደመጠችን መምህርት፦ ምስጋናና ጥቆማ

በደብረ ማርቆስ ከተማ አማርኛ የምታስተምር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የቆዩ ልብ ወለዶችን እየተረከች በድምፅ የምትቀዳ አንዲት እኅት አለችን፤ ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስለማትፈቅድ ሳልጠራው አልፋለሁ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በራሴ፣ በእናቴና ትረካዋን ለመስማት ምሽት ምሽት እቤታችን በሚሰበሰቡት ጎረቤቶቻችን ስም ሲሆን፣ ከምስጋናው ጋር አገልግሎቷን ለሚፈልጉ ሁሉ ለመጠቆም ጭምር ነው።

እናቴ ዓይኗ በግላኮማ ከደከመ ወዲህ ማንበብ አቁማለች። በእሷ ዕድሜ ላለ አድማጭ ደግሞ የትረካ መለኪያው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው፣ ይልቁንም ታሪኩ የሚፈጸምበት አገር ተወላጅ የሆነ የጎጃም ሰው፣ ጉዱ ካሣን ከዚያ ድምፅ ለይቶ ማሰብ ይቸግረዋል። ስለዚህ አዲስ ተራኪ በመጣ ቁጥር እቤታችን የሚሰጠው ፍርድ ቀላል አይደለም። እስካሁን ከሰማናቸው አብዛኞቹ ወጋየሁን ለመምሰል ሲታገሉ የመጽሐፉን ሰዎች ይረሷቸዋል፤ መምህርቷ ግን እሱን ለመምሰል ፈጽሞ አልሞከረችም፤ የራሷን ረጋ ያለ ድምፅ ይዛ መጣች።

ያስደመጠችን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ማለትም ብዙዎቻችን «ጦቢያ» እያልን የምናውቀውን፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውንና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን መጽሐፍ ነው። ደራሲው የጣና ዳሯ የዘጌ ተወላጅ ናቸው፤ በኋላ ዘመን ከጣሊያን ጋር የነበራቸው ነገር ሌላ ክርክር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። መጽሐፉን ለማንበብ የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው ዓረፍተ ነገሮቹ ይረዝማሉ፣ አንዱ ሐሳብ ሌላውን እየሳበ ይሄዳል፤ ተራኪው ትንፋሹን የት እንደሚሰበስብ አስቀድሞ ካላሰበበት መሀል ላይ ይቆርጠውና አድማጩ ማን ማንን እንዳለ ይጠፋዋል። በእሷ ትረካ ይህ አልገጠመንም። የዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ ገና ከሩቅ እንዳየችው ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንታ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ የወጣችበት ክፍል ነው። ሌላ ተራኪ ቢሆን እዚያ ላይ ድምፁን አጎርንኖ ወንድ ለመሆን በሞከረ ነበር። መምህርቷ ግን ጦቢያ በሰው ፊት ስትሆን ንግግሯን አሳጠረችው፣ ከአባቷ ጋር ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ወደ ቀድሞው ልስላሴ መለሰችው፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ጥጥ ስትፈትል የነበረች አንዲት ጎረቤታችን እንዝርቷን አቁማ «ኧረ እንዳይነቁባት!» ያለችው በዚህ ቦታ ነው። ስልኩን ድምፁ እንዲጎላ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁመነው ስለምንሰማ ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን የሚነካ ሰው ተቆጪው ብዙ ሆነ።

የዝግጅቷን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ ስለማያሳይ፣ በአሁኑ ንግግራችን የማይሰማ የቆየ ቃል ሲመጣ የተማረ ሰውም ቢሆን ይሳሳታል። እሷ ከመቅዳቷ በፊት ገጾቹን ይዛ በሰፈራችን ወደሚገኙ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ትሄድና ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ «አንቺ ልጅ፣ እሱን አጥብቂው» ወይም «እዚህ ላይ አትቸኩይ» ይሏታል። አንድ ጊዜ ክፍሉ ለእኛ ከተላከ በኋላ የኔታ አንድ ቃል እንዳልጣማቸው ሰምታ ሙሉውን ክፍል እንደገና ቀድታ ላከችልን፤ ማናችንም ያላስተዋልነው ስሕተት ነበር።

እንከን የለውም አልልም። መጀመሪያ ላይ ከትረካው ሥር የክራር ዜማ ታስገባ ነበር፤ ጆሮአቸው የደከመ አዛውንቶች ቃሉን መለየት እንዳቃታቸው ስንነግራት ሳትቀየም አወጣችው። የጦርነቱን ገለጻ አሁንም ትንሽ ታፈጥነዋለች ባይ ነኝ።

ቅጂውን በአጫጭር ክፍሎች ከፋፍላ፣ መጠኑን አሳንሳ በቴሌግራም ትልካለች፤ ኔትወርክ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ በሚሞሪ ካርድ ትጭናለች። እኛም ቢቸናና ሞጣ ላሉ ዘመዶቻችን በመንገደኛ እጅ የላክነው በዚህ መንገድ ነው። ክፍያዋ በገጽ ብዛት የሚታሰብ ሲሆን፣ ዓይነ ስውር ለሆኑ ተማሪዎች ግን ምንም አትቀበልም።

ለእሷ ሥራ ለመስጠት የምታስቡ ሰዎች አንድ ነገር አስቀድማችሁ ዕወቁ፦ ያገኘችውን መጽሐፍ ሁሉ አትተርክም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጠብቅ፣ ዘመኑ ላላለፈ ሥራ የባለመብቱን የጽሑፍ ፈቃድ ትጠይቃለች። ጎረቤቶቻችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በእሷ ድምፅ ለመስማት ቢጓጉም እስካሁን ያልሞከረችው ለዚህ ነው፤ ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነውና። ነገሩ አንዳንዶቻችንን ቅር ቢያሰኝም እኔ ትክክል ናት እላለሁ። አፈወርቅም ሆኑ በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን ካለፉ ከ70 ዓመት በላይ ስለሆናቸው ሥራዎቻቸው ይህ ገደብ የለባቸውም። ቀጥላ የያዘችውም የኅሩይን «አዲስ ዓለም» ነው፤ ፓሪስ ተምሮ የተመለሰውን አወቀን ከዘመዶቹ ጋር የሚያጨቃጭቀው የተዝካር ድግስ እቤታችንም ክርክር እንደሚያስነሣ ከወዲሁ ይታየኛል።

እኅታችን፣ እናቴ «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» ብላለች፤ እኛም አሜን ብለናል። ትረካ ለማስቀዳት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በፈተና ሰሞን አዲስ ሥራ ስለማትቀበል ለክረምቱ የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ ብትነግሯት ይሻላል።