ባለዛጎል አንቀልባ ከባሕር ዳር፦ የዕቃው ጥራትና የዛጎሉ ነገር

በባሕር ዳር ገበያ አቅራቢያ ካሉት የባህል ዕቃ መደብሮች በአንዱ ለእህቴ ልጅ የገዛሁት ባለዛጎል አንቀልባ በቆዳውም ሆነ በስፌቱ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ቆዳው በደንብ የለፋ በመሆኑ ትከሻ አይቆርጥም፤ ማንገቻው ሰፊ ነው፤ ዛጎሎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተቋጥረው ስለተሰፉ አንዱ ቢላቀቅ ሌላው ተከትሎ አይረግፍም። ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር እውነተኛው ዛጎልና የፕላስቲኩ ሳይለዩ ጎን ለጎን ተሰቅለው መሸጣቸው ነው።

ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። የእንስሳው ለስላሳ ገላ የለበሰው ስስ ሥጋ ካልሲየም ካርቦኔትን ከጥቂት ፕሮቲን ጋር እያያያዘ በንብርብር ይገነባዋል፤ የኖራ ድንጋይም ሆነ እብነ በረድ በዋናነት የተሠሩት ከዚሁ ንጥረ ነገር ነው። አብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎች ቅርፊታቸውን የሚያሳድጉት ከአፉ ጠርዝ ላይ እየጨመሩ ሲሆን፣ የዛጎሉ እንስሳ ግን ያንን ስስ ሥጋ በግራና በቀኝ አውጥቶ ጀርባውን ስለሚሸፍንበት ከውጭም አዲስ ንብርብር ይደርብበታል። እጅግ የምወድለት ያ አንጸባራቂነት እንግዲህ በሰው እጅ የተወለወለ ሳይሆን ከእንስሳው የመጣ ነው። በልጅነቱ ስስና ሰፊ የነበረው አፉም ሲጎለምስ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይወፍራል፣ ጥርስ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ እየደነደነ ይሄዳል እንጂ በርዝመት አያድግም።

ለመለየት ጥርሱን ማየት ይበጃል። በገዛሁት አንቀልባ ላይ አንዱ ዛጎል ጥርሱ ጠበብ፣ የጎረቤቱ ደግሞ ሰፋ ያለ ነው፤ ለስፌት እንዲመች ጀርባው በተቆረጠበት በኩልም ንብርብሩ በቀለም ተለይቶ ይታያል። የፕላስቲኮቹ ጥርስ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ክብደትም የላቸውም፣ ሲነኩም አይቀዘቅዙም።

የሚያስተናግደው ወጣት «ይሄ እዚሁ ከጣና የተለቀመ ነው» ማለቱ መታረም አለበት። ጣና የራሱ የጨው አልባ ውኃ ቀንድ አውጣዎች አሉት፤ ዛጎል ግን የሚኖረው በባሕር ብቻ ስለሆነ ወደ ጎጃም የደረሰው ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በንግድ ነው። ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ በእናቶቻችን አንቀልባና በአገልግል ላይ የተሰፋ ጌጥ እውነተኛ ታሪኩ ቢነገርለት ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ዋጋው ከፕላስቲኩ ወደድ ቢልም ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የገዛ ሰው ዛጎሉን በሎሚ ወይም በአቼቶ አያጽዳ፤ አሲድ ካልሲየም ካርቦኔትን ስለሚያሟሟ ወዙ ይጠፋል፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ባለመደብሯ ሲጠየቁ በጓዳ ያስቀመጧቸውን ሙሉ በሙሉ እውነተኛ ዛጎል ያለባቸውን አውጥተው ያሳያሉ፤ ስለዚህ ደጅ ላይ ከተሰቀለው ከመምረጥ በፊት እነዚያን ማስወጣት ይሻላል።